የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሱቁ

ለልጄ፣ ለዓይኔ፣

እንዴት ነሽ? ብርዱ ለቀቅ አለልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ትዝ የሚለኝ ከወንበር ስነሳ ብቻ ነው። ሱቁንም አልዘጋሁም። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆምና «ጋሼ፣ ዛሬም አሉ?» ይለኛል። «ወዴት ልሂድ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» እለዋለሁ። ይስቃል። እኔም እንደ መሳቅ እላለሁ።

በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ። አራት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ አራት ጊዜ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። በየካቲት የላክሽልኝ መልእክት አንድ መስመር ነበር፦ «እማዬ የቀዳችልኝን ላክልኝ።» ሰላምታ አልነበረውም። አልተቀየምኩም። እንዲያው ቆጠርኩት፤ ሦስት ቃል ነው።

እናትሽ በታኅሣሥና በጥር፣ ድምጿ እያነሰ ሲሄድ፣ በላፕቶፗ ላንቺ ትቀዳ ነበር። በሩን ትዘጋለች። ውሃ ይዤ ስገባ ቀረጻውን ታቆምና «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን ይዘህ ውጣ። ይሄ የልጄ ነው» ትለኛለች። ጆሮዬን ይዤ እወጣለሁ። ቀረጻዎቹ አሥራ ሁለት ይሁኑ አሥራ ሦስት አላውቅም። አንዱንም አልሰማሁም።

ልጄ፣ የሉም። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።

ቀስ ብዬ ልንገርሽ። የላፕቶፑ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሊሞት ያለ ዲስክ ድምፅ ነው። ሳይሞት በፊት ሁሉንም ወደ አዲስ ዲስክ ልገለብጠው አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። አዲሱን ስገዛ የአሮጌው መንትያ ይሁን አልኩ፤ በሥሪትም፣ በመጠንም። ለምን? እንጃ። ለእሷ ሌላ ዓይነት ነገር መግዛት ከበደኝ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደምንሠራ ታስታውሻለሽ። ዲስክ ከመገልበጤ በፊት እናትሽ አጠገቤ ትቀመጥና ጀርባው ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጮክ ብላ ታነባለች። «ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት።» ስክሪኑን እያየሁ እደግማለሁ። «ሙሉው ይሄ ነው?» «ሙሉው ነው።» «ይሄኛውስ?» «እንደ ጭንቅላትህ ባዶ ነው።» ያኔ ብቻ እጫናለሁ። ደንበኞች ይስቁብን ነበር። በሠላሳ ዓመት ግን የማንንም ሰው ፋይል አላጠፋንም።

ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር፣ ከመጨረሻ ቁጥሮቻቸው በቀር አንድ ዓይነት። ቁጥሮቹን በልቤ አነበብኩ። ዝም ብሎ ማንበብ ማንበብ አይደለም፤ ዓይን የፈለገውን ያያል። ተጫንኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለ። ባዶው ሙሉው ላይ ተገልብጦ ነበር። ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ቦታ ሳይዘል።

የተሰረዘ ይመለሳል። በላዩ የተጻፈበት አይመለስም። ይህን ለስንት ደንበኛ ተናግሬያለሁ፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ።

ከዚያ መሳቢያው ትዝ አለኝ። በጥቅምት 3 የላፕቶፗን መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ወስጄ እዚያ አስቀምጬ ነበር። ልመልሰው ሞከርኩ። ስድሳ አንድ ከመቶ ላይ ቆመ። ደገምኩ፤ እዚያው ቆመ። ቅጂው ተበላሽቷል ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ ኬብሉ ነው። በሌላ ኬብል እስከ መቶ ሄደ። ቀጥሎ ዊንዶውስ አልነሳ አለ፤ ጥቁር ስክሪን፣ ላዩ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ። ማስነሻውን ጠገንኩት። በሁለተኛው ቀን ተነሳ፤ ፊት ለፊት አንቺ፣ የምረቃሽ ቀን ፎቶ።

ጥቅምት ነው እንግዲህ። የታኅሣሥና የጥር ቀረጻ አይኖርበትም። አውቄ ነው ያየሁት። ግን «ለልጄ» የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ አንድ ፋይል፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። የተቀዳበት ቀን መስከረም 28።

ልጄ፣ መታመሟን ለኔ የነገረችኝ ኅዳር 9 ነው።

አርባ ቀን። አብረን በላን፣ ሱቅ አብረን ዋልን፣ ቁጥር አነበበችልኝ። ታውቅ ነበር።

በጥር ስትደውዪ «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኩሽ። «አታስደንግጣት» ስላለችኝ ነው፤ እኔም መናገሩን ስለፈራሁ ነው። ለቀብሩ አልደረስሽም። «ለምን በጊዜው አልነገርከኝም?» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ያኔ ለምን እንደዚያ እንደጮኽሽ አልገባኝም ነበር። «መስከረም 28» የሚለውን በስክሪኑ ላይ ሳይ ገባኝ።

ፋይሉን አልከፈትኩትም። የልጄ ነው ብላለች። ስለኔ የተባለ ካለ አትንገሪኝ። አይ፣ ንገሪኝ። እንጃ።

በሦስት ዲስክ ገልብጬዋለሁ። ቁጥሮቹን ስልክ ጠጋኙ አነበበልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ሥራ ነው ጸሎት?» አለኝ። «ዝም ብለህ አንብብ» አልኩት። አነበበ፤ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚያነበው።

አንዱን ዲስክ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። ከመሰካትሽ በፊት ደውይልኝና ጀርባው ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቢልኝ። ለመስማት ብቻ ይህ አያስፈልግም፤ የሥራው ሰው ብትጠይቂ ይስቅብኛል። ቢሆንም አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። እኔ እደግማለሁ።

የያዝሽውን ሁሉ ይጠብቅልሽ። መውጣት መግባትሽ ሰላም ይሁን።

አባትሽ

እዚህ ሱቅ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አለሁ። ከዚያም በኋላ አለሁ።