ከሚዛኑ ስትወርድ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ደብተሬን የምትበረብሪው እህቴ፣ አውቄብሻለሁ! አንብቢው... ምን የሚደበቅ አለኝ?
ዛሬም እንደ ወትሮው ጂም ቦክስ ሳሰለጥን ዋልኩ። ገመድ ዝላይ፣ ከረጢት ምት። ልጅሽ፣ ቁንጫ የምላት፣ ሚዛን ላይ ወጣች። ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ። የክለባችን ሊቀመንበር ከኋላዬ ሆኖ፣ "የፌዘርዌይት ምድብ ሃምሳ ሰባት ኪሎ ነው። እስከ ሐሙስ ካልወረደች ከውድድሩ ትቅር" አለ።
"ትወርዳለች!" አልኩት። ማን ጠየቀኝ? አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ሁለቱም ደርሶብኛል።
ፌዘር በእንግሊዝኛ ላባ ነው። ከኪስ መዝገበ ቃላት ራሴ ያገኘሁት። ለቦክሰኞቹ ሰበክሁ፦ "ላባ ሁኑ! ላባ አይራብም፣ አይጠማም!" አጨበጨቡልኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
የላስቲክ ልብስ አልብሼ አስሮጥኳት። ውሃ ከለከልኩ።
"ጋሼ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ... ተጉመጥምጬ እተፋዋለሁ።"
"ላባ ውሃ ይጠጣል እንዴ?"
ሳቀች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ... ሳቀች እኮ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ድፍን ሃምሳ ሰባት። ጮቤ ረገጥኩ። ከሚዛኑ ስትወርድ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

እሑድ፣ የካቲት 9
ከሐሙስ ጀምሮ ሆስፒታል ናት። ኩላሊቷ ተጎድቷል። ሐኪሟ፣ "ማነው ውሃ የከለከላት?" አለች። እኔ ምላሰኛው ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። አንቺ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አስተካከልሽ።
ሊቀመንበሩ ጂም በር ላይ ለጥፏል፦ "ተወዳዳሪዋ ሕመሟን ደብቃን ነበር።" ውሸታም! እኔስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 18
አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የቃሉን የትውልድ ሐረግ ሁሉ የሚያወራውን። ፌዘርዌይት ከቦክስ በፊት የፈረስ እሽቅድምድም ቃል ነበር ለካ። ፈረስ ላይ የሚጫን የመጨረሻው ቀላል ክብደት... ደከም ላለው የሚሰጥ፣ እንዲቀለው። ላባው ጭነቱ ነው እንጂ ፈረሱ አይደለም!
ለፈረስ የታዘነበት ቃል። እኔ ግማሹን ይዤ ልጅ አስጠማሁበት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22
ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ክፍት እየተውኩት ነው። አትነኪውም።
ቁንጫ ዛሬ ከአልጋዋ ተነሳች። ውሃ ሰጠኋት፣ ብርጭቆ ሙሉ። ከመጠጣቷ በፊት ዓይን ዓይኔን አየች። ፈቃድ ስትጠይቅ... እኔን!
"ጠጪ እንጂ፣ የኔ እናት!"
ሄጄ የሊቀመንበሩን ወረቀት ገነጠልኩ። የራሴን ለጠፍኩ፦ "ውሃ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ካልወረደች ትቅር ያለው ሊቀመንበሩ ነው። ሰኞ፣ ቦክሰኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ እናቷ ፊት፣ ሪንግ ላይ ወጥቶ ይመልስ። እኔ ቀድሜ ወጥቼ እጠብቀዋለሁ።"