በወረቀት ላይ የበቀለ ግራር

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 1978

አልፈረምኩም።

ኃላፊያችን ጓድ መስፍን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ጣቱን ከስሜ ሥር አድርጎ፣ "እዚህች ጋ ብቻ" አለኝ። ሲቸኩል ቆሞ ነው የሚያስፈርመው። አነበብኩት። መሥሪያ ቤታችን ብድር የሰጠው፣ ከወለንጪቲ ወዲያ ያለው የኖራ ፋብሪካ፣ ለምድጃው በሚቆርጠው ግራር ምትክ ቃል የገባውን ችግኝ ተክሎ ጨርሷል ይላል። ጭስ ማውጫውንም አስረዝሟል ይላል። እኔም ሄጄ አይቻለሁ ይላል።

የት ሄድኩ? ከዚህ ከናዝሬት ቢሮዬ መች ወጣሁ?

ያስቆጣኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። አምና ይህንኑ ወረቀት ፈርሜያለሁ። መኪና የለም ሲሉኝ እሺ ብዬ፣ ሳላይ። ለባሌ ለዳንኤል እንኳ አልነገርኩትም።

"አይቼው ልፈርም" አልኩት። ዓርብ ከአዲስ አበባ ሰዎች እንደሚመጡ፣ ሁለተኛው ብድር የሚለቀቀው በዚህች ወረቀት እንደሆነ ነገረኝ። "እንግዲያው ነገ ልሂዳ።" ፊቱ ጠቆረ። ሰው እየሰማ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ንዴቴ አሁንም አልበረደም።

ሾፌራችን ጋሽ በየነ በጠዋት ይዞኝ ሄደ። ጭስ ማውጫው ያው አጭሩ ነው፤ ቀለም ተቀብቷል። ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፣ መንደሩ ላይ ይተኛል። ችግኞቹን ከመጋዘኑ ጀርባ አገኘኋቸው። በላስቲካቸው እንደተደረደሩ ደርቀዋል። አንዱን ሳነሳው እጄ ላይ ተሰበረ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ "ጓድ ሰናይት፣ ተከላው በዕቅድ ደረጃ ተጠናቋል" አለኝ።

"ግራሩስ በዕቅድ ደረጃ ነው የተቆረጠው?"

ሳቀ። ሳቁ ነው ያንገበገበኝ።

ከበሩ ውጪ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ እርሻቸው ከፋብሪካው አጥር ጋር ይዋሰናል። "አካም ጅርቱ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ቀጥለው በአማርኛ ነገሩኝ። "እዚህ ሁሉ ግራር ነበረ። ከብቱም ሰውም ከሥሩ ያርፋል። አሁን አንድ ጥላ ፈልጊ፣ ካገኘሽ ንገሪኝ። የልጄ ልጅ ሌት ተቀን ይስላል። ክሊኒክ ወሰድነው፤ ጭስ አታስነኩት አሉን። ወዴት እንውሰደው?"

ያሉትን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

"አምና ከናንተ ሰው መጥቶ አይቷል አሉን" አሉ። "እኛ ግን ማንንም አላየንም።"

ያ ሰው እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ሪፖርቴ አጭር ነው። ችግኝ፦ አልተተከለም፣ ደርቋል። ጭስ ማውጫ፦ ቀለም ብቻ። ግራር፦ አልቋል፤ አሁን እንጨት የሚመጣው በጭነት መኪና ከሩቅ ነው። መንደሩ፦ ታሟል።

ጓድ መስፍን አንብቦ በሩን ዘጋ። "ይኼ ሪፖርት አይደለም፣ ክስ ነው። አምና የፈረምሽውስ ሐሰት ነበር ልትይ ነው?"

"አዎ፣ ሐሰት ነበር።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሑድ እሑድ ቤታችሁ ሰው ይሰበሰባል ይባላል። መዝሙር ይሰማል አሉ። እኔ አልሰማሁም። ሌላ ሰው ግን ሊሰማ ይችላል።"

መንግሥት ጸሎት ቤታችንን ካሸገ ወዲህ ከእማማ ወርቄና ከሌሎች ጋር የምንጸልየው ሳሎናችን ውስጥ ነው። ያውቃል። ስንት ጊዜ ሲያውቅ ኖሮ ለዛሬ አስቀመጠው!

ሐሙስ፣ ጥር 22

ለዳንኤል ሁሉንም ነገርኩት፤ የአምናውንም ጭምር። "እኔና አንቺ ብቻ ብንሆን ግድ አልነበረኝም" አለ። "እማማ ወርቄ ሌላ የሚጸልዩበት ቤት የላቸውም።" ጮህኩበት። እውነቱን ስለነበር ነው የጮህኩት።

ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ በየቤቱ ዞሮ ለሰዎቹ ነገራቸው፤ ይህን እሑድ እንዳይመጡ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

"እማማ ወርቄ ምን አሉ መሰለሽ? 'በእኔ ምክንያት በሐሰት ከምትፈርም እኔ ብቻዬን ልጸልይ። አምላክ የኔንም በር ያውቀዋል።'"

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ተናገርኩ።

ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ጓድ መስፍን የራሱን ወረቀት አነበበ፤ "የክትትል ክፍሉ አረጋግጧል" ብሎ። ተነሳሁ።

"የክትትል ክፍሉ እኔ ነኝ። አላረጋገጥኩም። አምናም የፈረምኩት ሳላይ ነው።"

ትልቅየው ሰውዬ መነጽሩን አወለቀ። "ምስክር አለሽ?"

እኔ ሳልመልስ በሩ ጋ የቆመው ጋሽ በየነ "እኔ አለሁ ጓድ" አለ። "መኪናው ደጅ ነው። ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ላድርሳችሁ፣ በዓይናችሁ እዩት።" ስድስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

አልሄዱም። ፀሐይ ነው አሉ፣ ምሳ ደርሷል አሉ። ይኼ እስካሁን ያቃጥለኛል። ብድሩ ግን "እስኪጣራ ይቆይ" ተባለ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ትናንት ማንም በራችንን አላንኳኳም። የምንፈራውም፣ የምንወደውም ሰው አልመጣም።

ጠዋት ደብዳቤ ጠበቀኝ። "ሳታጣሪ በመፈረምሽ" የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ከዛሬ ጀምሮ መዝገብ ቤት። ዝም ስል ያልተቀጣሁበትን፣ ስናገር ተቀጣሁበት! ጓድ መስፍን ግን አሁንም እዚያው ወንበሩ ላይ ነው።

ጋሽ በየነ ከወለንጪቲ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቆ ነበር። ብድሩ ስለታገደ መሰለኝ፣ ከቅዳሜ ወዲህ የእንጨት መኪና ወደ ፋብሪካው አልገባም፣ ምድጃውም አይጨስም አሉት። ለስንት ቀን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቢሆንም የኦቦ ቱፋ የልጅ ልጅ ሁለት ቀን ተንፍሷል።

መዝገብ ቤቱ ጠባብ ነው፣ አቧራው ያስነጥሳል። የተበዳሪው ሁሉ ፋይል እዚህ ነው፦ የሞጆው ቆዳ፣ የመቂው ሸክላ ጡብ፣ የዱከሙ ዘይት። እያንዳንዱ ውስጥ ቃል የገቡበት ደብዳቤ አለ፤ ይህን እንተክላለን፣ ያንን ጭስ እንቀንሳለን። ጓድ መስፍን ወዴት እንደላከኝ ያሰበበት አይመስለኝም።

ማን እንደሚሰማኝ አላውቅም። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስቱን አንብቤ ጨረስኩ።