የሳቱርኒና ፀሐይ

ጁላይ 3
ዛሬም ብርድ። ጨው ሜዳው ላይ ጨው ስጠርብ ዋልኩ፤ መጥረቢያዬ ዶልዱሟል። ስመለስ ሚስቴ ሳቱርኒና የአልጋውን ጠርዝ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ አገኘኋት። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ እንዲህ ናት። “ሾርባህ ቀዘቀዘ” አለችኝ። ደረቅ ሴት!

ጁላይ 5
ነርሷ ኒዬቬስ ከኡዩኒ ከተማ መጣች። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የሕመም ማስታገሻ ይዛ። መድኃኒቱ ከልጣፉ ወደ ሰውነት ጠብ ጠብ እያለ ይገባል አሉ። በሦስት ቀን አንዴ ይቀየራል። ንጹሕ ቦታ ላይ አድርገው አለችኝ። የመጀመሪያውን ራሷ የሚስቴ ጀርባ ላይ ለጠፈችው።

ጁላይ 7
ሳቱ እንደ ሰው ተኝታ ተነሳች። የላማ ሥጋ ቋንጣ አማራት። “ፀሐይ ልሙቅ፣ አውጣኝ” አለች። ጀርባ ሲሞቅ የአጥንት ብርድ ይወጣል፤ እናቴም ትል ነበር። ሙቀቱ እንዲያገኛት፣ ቀጥተኛዋ ፀሐይ ግን እንዳታቃጥላት፣ ግቢ ውስጥ ዳሱ ሥር አስቀመጥኳት፤ ጀርባዋ ገለጥ ብሎ፣ ወደከመርኩት ነጭ ጨው ዞሮ። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ... ስንት ጊዜዬ ነው ይህን ካየሁ? ከእንግዲህ በየቀኑ አወጣታለሁ።

ጁላይ 14
ትከሻዋ ቀልቶ ሰነበተ፤ ዛሬ ተላጠ። ጥላ ሥር ሆና? ከሥሩ ለስላሳ ሮዝ ቆዳ ወጥቷል። ጨው ላይ የምንውል ሰዎች ሁላችንም እንላጣለን፤ “ታጥቦ ወጣ” እንባባላለን። ልጣፉ የሚቀየረው ዛሬ ነው። ንጹሕ ቦታ ብላኝ የለ? አዲሱ ቆዳ ላይ ለጠፍኩት። ኮራሁ እንኳ።

ጁላይ 15

ጠዋት ምላሷ ይተሳሰር ነበር። ማንኪያውን እንደያዘች አንቀላፋች። እረፍት አገኘች ብዬ ደስ አለኝ... ደስ አለኝ! ከሰዓት ብጠራት አልነቃ አለች። ትንፋሿ አንዴ ይወጣል፤ ከዚያ ይቆያል... ይቆያል። ለኒዬቬስ ደወልኩ። ልጣፉን አሁኑኑ አንሳው፣ እስክደርስ አናግራት፣ እንዳትተኛ አለችኝ።
ምን ልበላት? ለመንኳት፤ ዝም። ስለ ሠርጋችን አወራሁ፤ ዝም። በመጨረሻ “አርባ ዓመት ሙሉ ሾርባሽ ጨው ይበዛዋል” አልኳት።
ዓይኗን ሳትገልጥ “ውሸታም” አለች።
አለቀስኩ። እየተሳደብኩ አቆየኋት። ኒዬቬስ ደርሳ የመድኃኒቱን ማርከሻ መርፌ ወጋቻት፤ ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ።

ጁላይ 16
ኒዬቬስ አድራ ነገረችኝ። ቆዳ አጥር ነው። ፀሐይ ሲያቃጥለው አጥሩ ይፈርሳል። ያን ጊዜ በቀስታ መግባት ያለበት መድኃኒት ግር ብሎ ይገባል። ያ ንጹሕ ያልኩት ሮዝ ቆዳ ለካ የተከፈተ በር ኖሯል።
ዳስ ሥር ነበረች እኮ አልኳት። ነጩን የጨው ክምር አየችው።
“አባባ ክሌሜንቴ፣ ጨው ሜዳው ላይ ሲወጡ አገጭዎን ለምንድነው የሚሸፍኑት?”
ፀሐይ ከጨው ላይ ተመልሳ ከሥር እንደምታቃጥል እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። ለራሴ አገጭ አውቄ ለእሷ ጀርባ... ምን ነካኝ?
ከእንግዲህ ልጣፉ ጤነኛ ቆዳ ላይ ብቻ። ፀሐይም ሙቀትም አይንካው። ሳቱ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕመሙ ያላስለቀሳት ሴት አለቀሰች። “ፀሐዬንም ወሰዳችሁብኝ” አለች።

ኦገስት 2
ልጣፉን ደረቷ ላይ አደረግነው፤ እየተመቻት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ወደ ማታ በጨርቅ ጠቅልዬ ከእግሯ ሥር አስገባላታለሁ፤ ከልጣፉ አርቄ። ኒዬቬስን ጠይቄያለሁ፤ ለእግር ብቻ ከሆነ ይሁን ብላለች።
መጀመሪያ ቀን አኮረፈች። ዛሬ ግን ገና በር ላይ ስታየኝ “ፀሐይቱን አመጣሃት?” አለች። እግሯ ሥር ሳስገባላት ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች።
“ያንተንም እግር አምጣ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ።”
አራት እግር በአንድ ድንጋይ ላይ። ይህን የምጽፈው አጠገቧ ሆኜ ነው። እንቅልፍ ወስዷታል፤ ትንፋሿ አይቆራረጥም... ደግሞ ታንኮራፋለች! ድሮ በክርኔ እጎሽማት ነበር። አሁንስ አንኮራፊልኝ፣ ሳቱዬ።