«ወዲያውኑ» ብሎ ስለሚያልቀው ወረቀት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። ይህን የምመኘው ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ድንገት ቢያምዎ የሚወሰዱት ወደ ራስዎ ጤና ጣቢያ እንዳይሆን ከልቤ ስለምሰጋልዎ ነው። ዓይንዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ደግሞ ጆሮዎ ደህና ይሁንልኝ።

እኔ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። የሰፈሩ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክስ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪና የስንብት ደብዳቤ በእጄ ያላለፈ የለም። ባለፈው ወር ደግሞ ስምንት ሳምንት የሞላውን ፅንስ በክኒን ለማቋረጥ የእርስዎ ተገልጋይ ሆኜ ነበር። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ስለ ካርድ ክፍሉ መስኮት

ለካርድ ክፍል ሠራተኛዎ ድምፅ ሲሰጥ ማንም አልሰሰተባቸውም። ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ከጠሩ በኋላ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ በዚያች በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል ዝቅ ብዬ በሹክሹክታ ብነግራቸው አልሰማ አላቸው፤ ከዚያም አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ በሚዳረስ ድምፅ «ለማስወረድ ነው?» ሲሉ አረጋገጡልኝ። ከተሰለፉት መካከል የልጄ አስተማሪ ነበረች። ምስኪን፣ የምትገባበት ቢጠፋት ጫማዋን ማየት ጀመረች፤ እኔም አብሬያት የእሷን ጫማ አየሁ። ሠራተኛዎ በዚህ ሳያበቁ «ደግሞ ለምን?» የሚል ጥያቄ ጨመሩልኝ፤ ይህ ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም። ቅጹን የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ በደንብ አውቃለሁ።

በዚያ ሰዓት ሳልመልስ ቀረሁ፤ ተገልጋይ ሆኖ ጥያቄ ሳይመልሱ መቅረት ነውር ስለሆነ አሁን ልመልስ። ባለፈው ዓመት በእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር የደም ግፊት ተነሥቶብኝ ሦስት ቀን ራሴን ሳላውቅ ተኛሁ፤ ስነቃ ሆዴ ባዶ ነበር። ወንድ ልጅ ነበር አሉኝ። ሐኪሙ ኩላሊቴ እስኪያገግም ድረስ ማርገዝ እንደሌለብኝ፣ ካረገዝኩ ግን የሰባት ዓመት ልጄን ያለ እናት ላስቀራት እንደምችል ሳይደብቅ ነገረኝ። መከላከያውን አንድም ቀን ሳላጓድል ወሰድኩ፤ ቢሆንም መጣ። ፈልጌው ነበር፣ የተከበሩ ሆይ። ባሌም ፈልጎት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እኔ እንድተርፍ ወሰንን፤ ከዚያ እሱ ተነሥቶ ዕቃ ማጠብ ጀመረ፤ አጥቦ ሲጨርስ የታጠበውን እንደገና አጠበው።

2. ስለ ወረቀቱ

በአራት ቁጥር ክፍል የምትሠራው ነርስ እጄን ይዛ ሁሉንም ነገር አስረድታኛለች፤ እሷን ካነሳሁ አይቀር ያለ ምንም ፌዝ ተባረኪ እላታለሁ። ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው ፊቷ ዋጥኩ፤ የቀሩትን አራቱን ደግሞ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ቤቴ ሆኜ ምላሴ ሥር እንዳደርጋቸው ነገረችኝ። ነገር ግን የፈራ ሰው ሰምቶ የሚይዘው ግማሹን ነው፤ ይህን ስለምታውቅም ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ ስላለ ስወጣ ከጽሕፈት ቤቱ እንድወስድ መከረችኝ። ወሰድኩ።

ወረቀቱ ከአንድ እስከ ስድስት ተራ ቁጥር አለው። አምስቱ ክኒኑ እንዴት እንደሚወሰድ ይናገራሉ። ስድስተኛው እንዲህ ይላል፦ «የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ወዲያውኑ»። አለቀ። ከዚያ በታች የወረቀቱ ጠርዝ ነው።

የሆነው ነገር ለእኔ ከማንም በላይ ግልጽ ነበር። ዋናው በረጅሙ ወረቀት ተጽፏል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሳያሳንስ በአጭሩ ወረቀት ኮፒ አደረገው፤ ግርጌው ማሽኑ ውስጥ ቀረ። እኛ ቤት አዲስ የገባ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኑ ይህን ይሳሳታል፤ በሁለተኛው ቀን ከደገመው ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት፣ የክምሩን አቧራ አይቼ ስገምት፣ በዚሁ ስሕተት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም።

ለምን ተመልሰሽ አልጠየቅሽም ይሉኝ ይሆናል። ዓርብ ጠዋት እስከ በሩ ድረስ መጥቻለሁ። የካርድ ክፍሉ መስኮት ታየኝ። ተመለስኩ።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ፍርሃት ምን እንደሚያሠራ ብነግርዎ ይስቃሉ። የልጄን ልብስ ሁሉ ከቁም ሳጥን አውጥቼ አጠፍኩ፤ ደግሜ ዘርግፌ አጠፍኩት። መሥሪያ ቤቴ ያንን ወረቀት ማሽኑ ላይ አድርጌ፣ የተቆረጠው ጽሑፍ የሆነ ቦታ ተደብቆ የሚገኝ ይመስል፣ ቀለሙን እስከ መጨረሻው አጠቆርኩት፤ ጥቁር ወረቀት ወጣልኝ። ለአንዲት ሙሽራ የሠርግ ጥሪ ስተይብ «እንግዶቻችን ወዲያውኑ» ብዬ ጽፌ፣ ልጅቷ ናት ሳቅ ብላ ያሳየችኝ። ወዲያውኑ ምን? ልተኛ? ልሩጥ? ልጸልይ? ያለፈው ዓመት ሦስት ቀን ተመልሶ መጣብኝ። ፈራሁ፤ ልጄን ትምህርት ቤት ስሸኝ እንኳ ፀጉሯን ሁለቴ አበጠርኩት።

3. ስለ ስልኩ

ቅዳሜ ባሌ ልጃችንን ወደ እህቱ ቤት ይዟት ሄደ። አልሄድም ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ግድ ያልኩት፤ ልጅቷ እንድታየኝ አልፈለግሁም፣ እሱንም ዕቃ ሲያጥብ ማየት አልቻልኩም። በስምንት ሰዓት አራቱን ክኒኖች ምላሴ ሥር አደረግሁ። ግማሽ ሰዓት መናገር ስለማይቻል በሆዴ ሀ ሁ ሂ እያልኩ፣ በየአንዳንዱ ፊደል አንድ ጊዜ እየተነፈስኩ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት እነዚያን ፊደላት ስጫን ኖሬ፣ ውለታቸውን የመለሱልኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቁርጠቱ መጣ፤ ደሙም ተከተለ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ደግሞ ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሴ ከጥርሴ ጋር ይጋጫል፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም አላቆም አለኝ። ወረቀቱን አነሳሁ። «የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ወዲያውኑ»። ይህ ከሚከተሉት አንዱ ነው? ለባሌ ብደውል ልጅቷን አዝሎ እየሮጠ እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ከወረቀቱ አናት ላይ «ለማንኛውም ጥያቄ» በሚል የተጻፈውን ቁጥር ደወልኩ።

ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንደምትሠሩ ረስቼው ነበር። ቁጥሩም የሐኪም ሳይሆን የበሩ ስልክ ኖሯል። ያነሱት ዘበኛው ናቸው፤ እኚያ ሁልጊዜ በሩን ጠጋ ብለው በርጩማ ላይ የሚቀመጡት አባባ። የምለው ሁሉ ከጥርሴ ጋር እየተጋጨ አልወጣ ቢለኝ አንድ ነገር ብቻ ተረዱኝ፦ ወረቀቱ ተቆርጧል። ስልኩን እንዳልዘጋው አጥብቀው ነግረውኝ ሄዱ፤ ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ የነበረውን ዋናውን ወረቀት ከነሚስማሩ ነቅለው፣ ከነመስታወቱ ታቅፈው መጡ።

የትኛው ክፍል እንደጎደለኝ ስላላወቁም ከላይ ጀመሩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አነበቡልኝ፤ ቀኑን አነበቡልኝ፤ የቅጹን ቁጥርም አልተዉትም። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው መሆን አለበት፤ እያንዳንዱን ቃል አንድ ጊዜ ይሰባብሩትና ከዚያ ገጣጥመው ይሉታል። እኔ በደቂቃ ስልሳ ቃል የምተይብ ሴት፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ያንን ንባብ ጠበቅሁ። «ወዲያውኑ» ላይ ሲደርሱ «ወደ ጤና ተቋም ይምጡ» ብለው ቀጠሉ። በተከታታይ ሁለት ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከራሰ። ትኩሳቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ። ራስ ካሳተ። መጥፎ ሽታ ካለው። በስተመጨረሻም አንዲት መስመር፦ በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥና ብርድ ብርድ ማለት የሚጠበቅ ነው። ይህችን መስመር ሳልጠይቃቸው ደገሟት። እኔ ከጀመረኝ የቀየርኩት ሁለት ብቻ ነበር። ደህና ነበርኩ፣ የተከበሩ ሆይ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሞት ስነሳ የከረምኩት ደህና ሆኜ ነው።

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «አይዞሽ ልጄ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የትም አልሄድም፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየደወልሽ ስንት እንደሆነ ንገሪኝ» አሉኝ። አራት ጊዜ ደወልኩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥሪ መካከል ፅንሱ አለፈ። ስለዚያ ለእርስዎ የምጽፈው የለኝም፤ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ለእሱም፣ ስሙን ሳላወጣለት ለሄደው ለባለፈው ዓመቱም አለቀስኩ። ከዚያ ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ደወልኩና «ሦስት» አልኳቸው። እሳቸውም ቆጠራዬን ደገሙልኝ።

4. ስለ አስተያየት መዝገቡ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለምርመራ ስመጣ፣ በገመድ የታሰረውን እስክሪብቶ አንሥቼ መዝገብዎ ላይ በገጽ ሠላሳ አንድ ለእኚህ ሰው ምስጋና ጻፍኩ። ያደረጉትን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ጽሑፌ ያምራል፤ ሥራዬ ነውና። ጥፋቴ ይህ ነው።

በሳምንቱ ማክሰኞ የእርስዎ ተላላኪ፣ የጤና ጣቢያው ማሽን ስለተበላሸ፣ አንድ ደብዳቤ በአምስት ኮፒ ሊያሠራ እኛ ቤት መጣ። የሰው ወረቀት አላነብም፤ ነገር ግን «በገጽ 31» የሚል ቃል ዓይኔ ገባ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ዘበኛው «አንዲት ተገልጋይ በራሷ እጅ በሰጠችው ምስክርነት መሠረት» ከሥራ ድርሻቸው ውጪ የሕክምና ምክር ሰጥተዋል፤ የተቋሙንም ንብረት ከተሰቀለበት አንሥተዋል፤ በመሆኑም ወደ ኋላው መጋዘን ተዛውረዋል፤ የበሩም ስልክ ለዳግም ስሕተት በር እንዳይከፍት እንዲነሣ ተደርጓል። ሃያ ሦስት ዓመት ያን በር ጠብቀው የመጀመሪያቸው ነው ይላል። አምስቱን ኮፒ ያደረግሁት በእነዚሁ እጆቼ ነው። ደብዳቤው ረጅም ወረቀት ላይ ነበር፤ አንድም መስመር አልተቆረጠብዎትም።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ክኒኑን ከወሰድኩበት ቀን ይበልጥ አለቀስኩ። ለማመስገን ጽፌ አሳጣኋቸው።

5. በቁጥር አምስት የማነሳው ቅሬታ አይደለም፤ ልመና ነው። ማስጠንቀቂያው ለማን እንደሚገባ እርስዎን ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። እኚያን አባት ወደ በርጩማቸው ይመልሱልኝ፤ ስልኩንም ወደ በሩ። ያን ቁጥር ይዛ የወጣች ሴት ሁሉ የሚያነሳላት ሰው ያለ ይመስላታል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመስታወቱና ለሚስማሩ ያሳዩትን ተቆርቋሪነት አንድ ቀን ለሰውም እንዲያሳዩ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ። ስሜን መጻፍ አላስፈለገኝም፤ ካርድ ክፍልዎ በመስኮት ስለጠራው ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

በገጽ ሠላሳ አንድ ያመሰገነችው

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመመሪያውን ሦስት መቶ ኮፒ በረጅም ወረቀት፣ እስከ መጨረሻው መስመር ሙሉ አድርጌ ልኬያለሁ። ከአናቱ ያለው ቁጥር ከእንግዲህ ስለማይነሣ ሰርዤ የራሴን ስልክ ጽፌበታለሁ። የሕክምና ምክር እንደማልሰጥ ቃል እገባለሁ፤ ከላይ ጀምሬ ቀስ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ የመጨረሻዋንም መስመር እደግማታለሁ።