እግሬም ዓይኔም እስኪደርሱ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት በረራ ነበረኝ። ተነሣን፣ አረፍን፣ ተነሣን፣ አረፍን። አስተማሪዬ ምሰሶ ዛሬም ብዙ አልተናገረም። ምሰሶ ያልነው እኛ ተማሪዎቹ ነን፣ ለቁመቱ። ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይታያል፣ ቆይቶ የአውሮፕላን ማደሪያው ሃንጋር። ሳርፍ "እህ" ይላል። "እህ" ጥሩ ማለት ይሁን መጥፎ እስካሁን አልገባኝም...

የሶፋውን ትልቁን ትራስ ይዤ ነው የሄድኩት። የዚህ አውሮፕላን ወንበር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ወደ ላይ ንቅንቅ አይልም። ያለ ትራስ ስቀመጥ የሚታየኝ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ብቻ ነው። መንደርደሪያው የት አለ? አምላክ ይወቅ። ትራሱ ላይ ስወጣ ግን ንግሥት ነኝ።

ማታ እማዬ "ትራሴን ምን በላው?" አለች።

"ሰማይ ወጥቷል።"

ሳቀች፣ ሳቀችና ቁመቴን አየች። "በእኔ ወጥተሽ እኮ ነው፣ ምን ላድርግሽ?" ይህን ስትል አልወድም። ቁመት እንጂ በሽታ ያወረሰችኝ አስመሰለችው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ወይ ጉዴ!

ዛሬ ንፋሱ ከጎን ነበር። እንዲህ ሲሆን ልታርፊ ስትይ የቀኙን ፔዳል እስከ መጨረሻው መርገጥ አለብሽ፣ አለዚያ አፍንጫው ወደ ሌላ ያያል። የእኔ እግር መጨረሻው ድረስ አይደርስም። ምን አደርጋለሁ? ሁልጊዜ የማደርገውን። ከትራሱ ላይ ሸርተት ብዬ ረገጥኩ። ፔዳሉ ደረሰ። መንደርደሪያው ጠፋ! ከመስታወቱ ሥር ሆኜ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ...

ምሰሶ መሪውን ተቀበለኝና እሱ አሳረፈው። ቆመን ሞተሩ ጠፋ።

"አጠገቤ ሰው ነበረ" አለ በመጨረሻ። "ዞር ስል የለም። ጭንቅላትሽ የት ሄደ?"

ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምትረግጪው?"

"አዎ።"

"ሙሉውን እየረገጥሽ ሙሉውን እስክታዪ ድረስ ብቻሽን አትበሪም።"

በቃ። ብቻዬን የምበርበት ተራ ደርሶ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ብቻውን ያልበረረ ከኮርሱ ይወጣል፣ ደንቡ ይሄው ነው። ጓደኞቼ ሁሉ በረዋል። እኔ በእግሬ ርዝመት ልቀር? ክንፍ እያለ በእግር!

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ትራስ ላይ ትራስ ደረብኩ። ዓይኔ ደረሰ፣ እግሬ ጭራሽ ተንጠለጠለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ትምህርት የለም፣ ግን ሃንጋር ሄድኩ። አንዱን ትራስ ከጀርባዬ አደረግኩት። ወደ ፊት ገፋኝ፣ እግሬም ደረሰ። እልል ልል ስል ፔዳሉ ጫፍ ላይ ያለውን ፍሬን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩ... ትራሱ እፍፍ ብሎ ሟሸሸና ወደ ኋላ ዋጠኝ። እግሬ እንደገና አየር ላይ ቀረ።

መካኒኩን ለመንኩት። ፔዳሉ ላይ አንድ ቁራጭ እንጨት ቢያስርልኝ ምናለበት?

"አልነካውም" አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ያልተፈቀደ ነገር አውሮፕላን ላይ ቀጥዬ ተገኝቼ ማን ያበላኛል? ምነው፣ ወፍራም ጫማ አታደርጊም?"

አድርጌ መጥቼ ነበር እኮ! ሶሉ እንደ ጡብ ነው። አሳየሁት። አየውና "በዚህ ፔዳል ሳይሆን ሰው ነው የሚረገጠው" አለ። እውነቱን ነው፣ በዚያ ጫማ ፔዳሉን ልርገጥ ወለሉን ልርገጥ አይታወቀኝም። አውልቄ በካልሲ ወደ ቤት ልሄድ ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ምሰሶ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "አጭር ናት" ይላል። "አዎ... አይ፣ ከዚያም ታጥራለች። ቀኑ እየሄደ ነው፣ አንድ ነገር መደረግ አለበት።"

አንድ ነገር። ለኃላፊው እየነገረብኝ ነው። ሊያስወጡኝ ነው።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ለመታጠብ ቀና ስል መስታወቱ እንኳ ከግንባሬ በላይ ነው የተሰቀለው። ይሄን ሁሉ ሕንፃ የሠራው ማነው? ምሰሶ ራሱ ነው?

ለእማዬ አልነገርኳትም። ብነግራት "በእኔ ነው" ልትል... አልችልም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ከየት ልጀምር? ደስ ብሎኛል፣ አፍሬያለሁም።

ከምሳ በኋላ ሃንጋሩ ውስጥ የአውሮፕላኑን መስታወት ስጠርግ አንዲት ሴት ቦርሳ አንጠልጥለው ገቡ። ጠና ያሉ፣ ፈጠን ፈጠን የሚሉ። ሸሚዛቸው ላይ የካፒቴን ምልክት አለ። መካኒኩ ሲያያቸው ከመሰላሉ ወርዶ "እትዬ!" ብሎ ሮጠ። ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። የጭነት አውሮፕላን ነው የሚያበሩት፣ ያንን ትልቁን! ቀና ብዬ ላያቸው ስል... ቀና ማለት አላስፈለገኝም። ከእኔ ያጥራሉ!

"አጭሯ ማናት?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ውሸትሽን ነው። እኔ እያለሁ?"

መካኒኩ በሳቅ ፈረሰ።

ትራሶቼን አንድ በአንድ እያወጡ ወለሉ ላይ ወረወሯቸው። የእማዬን ሶፋ ትራስ! ከዚያ "ግቢ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። ሳላስበው ወዲያው ተንጠራርቼ በመስታወቱ ውጭውን ለማየት ሞከርኩ።

"ተይ! ዓይንሽን ተይው። ሁላችንም መጀመሪያ የምንሳሳተው እዚሁ ጋ ነው። አጭር ሰው ማየት ስለሚናፍቀው ከላይ ይጀምራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከእግርሽ ጀምሪ።"

እግሬን አስጀመሩኝ። ወፍራሙን ጫማ አስወለቁኝ፣ ስስ ይሁን አሉ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት፣ "ቀጭ" ሲል ነቅንቂው አሉኝ። ያልተቆለፈ ወንበር ስትነሺ ወደ ኋላ ይዞሽ ይሄዳል፣ ያን ቀን እግርሽ ቢረዝምም አይጠቅምሽም አሉ። ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ጠንካራ ስፖንጅ አወጡና ከጀርባዬ ሻጡት። ጠንካራ ስል እንደ ጣውላ ነው። "ስትቀመጪበት እፍ የሚል ትራስ ጠላትሽ ነው።" ተረከዜን ወለሉ ላይ አድርጌ ረገጥኩ። የቀኙ እስከ መጨረሻው ሄደ። የግራውም! ጉልበቴ ትንሽ እንደታጠፈ። ሳልሸራተት!

"አሁን መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ራስሽ ሳቢ።"

ሳብኩት። ሆዴ ላይ ቆመ።

"ሆድሽን አስገቢ ብዬ አልመክርሽም" አሉ፣ "ምሳ መብላትሽ አይቀርም። የጀርባው ስፖንጅ ይሳሳ። መጨረሻ ላይ ነው ለዓይንሽ ከሥር የምትጨምሪው፣ እሱም ጠንካራ። ከፍ ባልሽ ቁጥር እግርሽን እንደገና ሞክሪ። ከወንበሩ ጋር እሰሪው፣ እንዳይሸሽ። የእኔን እንዳልሰጥሽ ለእኔ ልክ ነው፣ ለአንቺ የራስሽን አሰፊ።"

ልሸኛቸው ስወጣ "ማን ነገረዎት ስለ እኔ?" አልኳቸው።

"ረጅሙ ነዋ! ሰሞኑን በስልክ ፋታ ነሣኝ። 'ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ሰነፉ ወንበሩ ነው፣ አንድ ነገር ይደረግ' እያለ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ሰውየው ለእኔ ሲለምን እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ስረግመው... ስረግማቸው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ላይም አንቱ ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። ለሁለቱም እግዜር ይስጥልኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጋረጃ የምትሰፋበትን ማሽን ከደንበኛ ሥራ ላይ አነሣችው። "የሰው መጋረጃ ይቆያል" አለች። ሶፋ ጠጋኙ ጎረቤታችን ጠንካራ ስፖንጅ ቆርጦ ሰጠን።

ልክ የምትወስደው በራሷ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፣ እግሯን ወደ ቁም ሣጥኑ ዘረጋች። ቁም ሣጥኑ ፔዳል መሆኑ ነው። የወጥ ክዳን ደግሞ መሪ ሆነ፣ እኔ ሆዷ ድረስ አመጣላታለሁ፣ እሷ ትረግጣለች። "ነካኝ" ትላለች። ትነሣለች፣ ስፖንጁን ትከረክማለች፣ ትመለሳለች።

ወንድሜ ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ አየን።

"ምን እየሆናችሁ ነው?"

"እየበረርን ነው። በሩን ዝጋ፣ ንፋስ ይገባል" አለች እማዬ።

እንዲህ ስትስቅ ከመቼ ጀምሮ ነው ያላየኋት? እንጃ። "በእኔ ነው" የሚለውን ዛሬ አላነሣችውም። ልኬቴ እሷው ጋ ነበረ፣ እንዴት አላሰብኩትም?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አስተማሪዬ በእረፍት ቀናቸው መጡልኝ። አዲሱን መቀመጫዬን በማሰሪያው ጥፍንግ አድርጌ አሰርኩ። ከጀርባ ስስ፣ ከሥር ወፈር ያለ። ሽፋኑ ከመጋረጃ ትርፍ ስለሆነ አበባ አበባ አለው። አበባውን አዩና ማሰሪያውን ሳብ አድርገው ሞከሩት።

እሳቸው ሲገቡ ዛሬ ነው በደንብ ያየኋቸው። መጀመሪያ አንድ እግር፣ ከዚያ ጎንበስ፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ሌላው እግር... ወንበራቸው መጨረሻው ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ጉልበታቸው አሁንም ከመሪው ግራና ቀኝ ነው።

"ለእርስዎ ይመችዎታል?" አልኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ አብሬያቸው ስበር ጠይቄያቸው አላውቅም።

"ለእኔ?" ሱሪያቸውን አሳዩኝ። ጉልበቱ ጋ ተጠግኗል። "መሪው ነው የጨረሰው። ለአንቺ ይሰፋል፣ ለእኔ ይጠባል። ልክ የሆነለትን ሰው እስካሁን አላገኘሁትም።"

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ እኮ እሳቸው ተመችቷቸው እኔ ብቻ የምሰቃይ ነበር የሚመስለኝ።

ንፋሱ ከጎን ነበር፣ ተመስገን። የመጀመሪያው ማረፍ ግን... ዷ! ጥርሴ ተጋጨ። ከፍ ብዬ ስለተቀመጥኩ መሬቱ ገና ሩቅ መሰለኝ። አለቀልኝ አልኩ።

"አዲስ ዓይን ነው" አሉ። "ይለምዳል። ድገሚ።"

ደገምኩ። ረገጥኩ፣ እስከ መጨረሻው። ጭንቅላቴ ቦታው ላይ ነው። መንደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊቴ ተዘርግቷል። መንኮራኩሩ መንካቱን እንኳ ሳላውቀው ነካ።

"እህ" አሉ።

ጥሩ ማለት ነው! ፊታቸውን ሳይ ገባኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ብቻዬን በረርኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሁለት ጊዜ አብረን አረፍንና አስተማሪዬ "አቁሚው" አሉ። ቀበቷቸውን ፈቱ። ከዚያ እየተጣጠፉ ወረዱ፣ ቀበቶውን መልሰው ባዶው ወንበር ላይ አሰሩት፣ በሩን ሊዘጉ ሲሉ "ወንበርሽን ነቅንቂው" አሉ። ነቀነቅኩት። ተቆልፏል። ሄዱ።

አውሮፕላኑ ያለ እሳቸው እንዴት እንደሚቀል! ገና ሳልጠብቀው ተነሣ። ቀኝ ጎኔ ማንም የለም። ፈራሁ? አዎ፣ ፈራሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ ለራሴ ማውራት ጀመርኩ። እግር። መሪ። ዓይን። እግር። ልመለስ ስዞር የከተማው ቆርቆሮ በሙሉ ታየኝ። የእኛ ቤት የትኛው ይሆን? የእማዬ ማሽን ድምፅ ከእነዚያ ከአንዱ ሥር ነው።

ንፋሱ ትንሽ ገፋኝ። ረገጥኩ። ደረሰ። አየሁ። ታየ። ሌላ ምን ልበል? አረፍኩ።

ከመቆጣጠሪያ ማማው "እንኳን ደስ ያለሽ" አሉኝ በሬዲዮ። አስተማሪዬ ከሩቅ እጃቸውን አንሥተው ቆመዋል። ስወርድ አቀፉኝ፣ ግንባሬ የሸሚዛቸው ኪስ ጋ ነው የደረሰው። እትዬ ጋ ደወልኩ። "እሰይ! ጫማሽ ስስ ነበር?" ነው መጀመሪያ ያሉት።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

እማዬን አውሮፕላን ሜዳው ወሰድኳት። አስተማሪዬን አስፈቅጄ ነው። "እናቴ መቀመጫውን ቦታው ላይ ሆኖ ልታየው ትፈልጋለች" ስላቸው "ማየት ብቻ? ትቀመጥበት እንጂ" አሉ።

ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። ቦርሳዋን ያዝኩላት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በግራው በር ገባች። ወንበሩ ወደ ፊት እንዴት እንደሚሳብ አሳየኋት፣ "ቀጭ" አለ። ጀርባዋን ደገፍ አደረገች። እግሯ ሳትፈልገው ሄዶ ፔዳሉ ላይ አረፈ። አንዱን ረገጠች፣ ሌላውን ረገጠች። እስከ መጨረሻው። ከዚያ ቀና አለችና በመስታወቱ አየች። መንደርደሪያው፣ ሣሩ፣ የወዲያው አጥር፣ ሁሉም።

እጇን መሪው ላይ አሳረፈች።

እማዬ አውቶቡስ ላይ እግሯ ተንጠልጥሎ ነው የምትሄደው። ቢሮ ጉዳይ ሲኖራት ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀው። በሰው ሠርግ፣ በሐኪም ቤት፣ በወላጆች ስብሰባ... ሁልጊዜ ጫፍ ላይ። የቸኮለች ነበር የሚመስለኝ።

አስተማሪዬ ከወዲያ ሆነው ሰዓታቸውን አዩ። ሌላ ተማሪ ይጠብቃል።

"እንውረድ እማዬ?" አልኳት።

"ቆይ እስቲ" አለች ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ። "ገና አሁን ነው የተመቸኝ።"

አስተማሪዬን ቀና ብዬ አየኋቸው። በእጃቸው "ተያት፣ ተያት" አሉኝ። ቦርሳዋን ታቅፌ ክንፉ ሥር ቆምኩና ጠበቅኳት።