የፈርዶሳ ጥያቄ

ሰኞ

ምነው አፌን በቆረጠው! ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ዓለም ለሕይወት እንዴት እንደተመጠነ እያስረዳሁ ነበር። የስበት ኃይል ቢበረታ ከዋክብት ቶሎ ነድደው ያልቃሉ፤ ቢላላ ፀሐይ የምትባል ነገር አትኖርም። በረዶ ውኃ ላይ ባይንሳፈፍ ኖሮ ሐይቅ ሁሉ ከታች እስከ ላይ በረዶ ሆኖ ይረጋ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የማወራው። ቧንቧችን ከደረቀ ዘጠኝ ቀኑ፣ እኔ የውኃን ውለታ እሰብካለሁ።

ፈርዶሳ እጇን አወጣች። ሁሉም ለሕይወት ከተመጠነ አንዳንዶች ሳይኖሩ የሚቀሩት ለምንድን ነው አለች። ደወሉ ሊደወል ነው፤ ብልጥ መሆን አማረኝ። «ይህን የሚጠይቀው የኖረ ነው፤ ያልኖረ አይጠይቅም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ደብተሯን ዘጋች።

ማክሰኞ

ቀረች። ቀርታ አታውቅም። ጓደኛዋን ጠየቅኳት። እናቷ ባለፈው ሐሙስ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ ቅዳሜ ተቀበረ። ወንድሟን ቀብራ ነው ሰኞ እኔ ፊት የተቀመጠችው።

ራት አልበላሁም።

ረቡዕ

ዛሬም የለችም። የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ዓርብ ያበቃል። ራሷ መጥታ ካልፈረመች ዓመቷ ባከነ። ከክፍሉ አንደኛ ናት። ስልክ የላቸውም።

የሚያናድደኝ፣ መልሴ ስህተት አልነበረም። የፊዚክስ ሊቃውንቱም ይሉታል። ሌሎቹ ደግሞ ዓለማት ብዙ ናቸው፣ ለእኛ የምትመቸው ደረሰችን ይላሉ። እኔ ራሴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ፈጣሪ መጠነው እላለሁ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ለለቀስተኛ ልነግር አልችልም።

ሐሙስ

ስኳር ገዝቼ ከሸዋ በር በባጃጅ ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ሰፈራቸው ወጣሁ፤ የቀረውን በእግሬ። መንገዱን ሙሉ የተሻለ መልስ ሳጠና ነበር። እናትየዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥዎ አልኳቸው። አሚን፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ቀሚሳቸው ደረቱ ላይ ርሷል። ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ።

ፈርዶሳ እስከ በር ሸኘችኝ።

«ቲቸር፣ ሁሉም ተዘጋጅቶለት ነበር። ወተቱ እስከ ዛሬ አልቆመም። እሱ መጠየቅ ስለማይችል ነው እኔ የጠየቅኩለት።»

ያጠናሁትን ተውኩት። «አላውቅም» አልኳት። «ሰኞ ማለት የነበረብኝ ይህን ነበር። ይቅር በይኝ።»

ስለ ምዝገባው ነገርኳት። የቤቱ ሥራ በእሷ ላይ ነው፤ እናቷ አርባ ቀን ሳይሞላቸው አይነሱም። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። እያለቀስኩ ወረድኩ።

ዓርብ

የምዝገባው ቢሮ የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከጁምዓ በኋላ ትመጣለች ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ዘጠኝ ሆነ። አሥር ሆነ። መዝጋቢውን በወሬ ያዝኩት፤ ስለ ቧንቧችን ሳይቀር አወራሁለት። ሊዘጋ ሲል አቧራ ለብሳ ደረሰች። ሂጂ ያሏት እናቷ ናቸው።

ፈረመች። እስክሪብቶውን መልሳ ስትሰጠኝ፣ «ጥያቄዬ አልተመለሰም፣ ቲቸር» አለችኝ። «አላውቅም ስላሉኝ ነው የመጣሁት።»

ሰኞ ክፍል ትገባ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አልገባም እንዳትለኝ ፈራሁ።