ጸጥተኛ ነበረች ላሉሽ

ውድ ዞርኒጻ፣

ትናንት ሙት ዓመትሽ ነበር። ስንዴው ተቀቅሎ፣ ስኳርና ዋልነት የሚባለው ለውዝ ተነስንሶበት፣ ለመጣው ሁሉ በየወረቀት ኩባያው ታደለ። ቄስ ኢሊያም መቃብርሽ ላይ ወይን አፍስሰው ስምሽን በትክክል ጠሩ። በአርባሽ ቀን «ዞርካ» ብለውሽ እንደነበር እስካሁን አልረሳሁላቸውም። ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ ንፍሮው ልነግርሽ አይደለም። ከእናትሽ ጋር በአደባባይ፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት፣ ባንቺ ምክንያት ተጣልተናል። ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

መቼም ሰው ሲሞት፣ በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ በየአደባባዩ የሚለጠፈውን የሙታን ወረቀት ማንበብ እንደ አንቺ የሚወድ አላየሁም። የእኔን የሥራ መውጫ ስትጠብቂ አውቶቡስ ማቆሚያው መስታወት ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየሽ ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ እንደ ዜና አንባቢ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ታነቢ ነበር።

«አክስቴ፣ እይማ! ስቶይና ‹አንደበቷ ማር› ተብላለች! ስቶይና! ፖስተኛው እንኳ እሷን ፈርቶ በጓሮ ነበር የሚዞረው!»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ» እልሻለሁ ሳቄን አፍኜ።

«እኔስ? እኔን ‹ጸጥተኛ› ብላችሁ የለጠፋችሁ ቀን ተነሥቼ ነው የምቀደው!»

ያኔ ሳቅኩ። ስለ ሞት ስትቀልጂ ሌላው ሰው ይደነግጥ ነበር፤ እኔ ግን ሕመሙ ያንቺ ነው፣ ቀልዱም ያንቺ ነው ብዬ እተውሽ ነበር። ልብሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጉድለት እንዳለባት ታውቂ ነበር። ሐኪሙ አትሩጪ፣ አቀበት አትውጪ፣ አትጩኺ ብሎሽ ነበር። ሁለቱን እሺ አልሽ። ሦስተኛውን ግን «ይሄኛውስ የማይሆን ነው» ብለሽ እዚያው ፊቱ ላይ ጮኽሽበት።

ከበሮውን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በከተማው የማርሽ ባንድ ይመታው የነበረውን ትልቁን ከበሮ ከጓዳ አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ ሰጠሁሽ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በቆዳ ፋብሪካው ስታዲየም፣ በእነዚያ ራኪያ አረቄ በሚሸቱ ሽማግሌዎች መሐል፣ ያን ከአንቺ የሚተልቅ ከበሮ ታቅፈሽ ትቆሚያለሽ። ቡድናችን እንደሆነ መሸነፍ ሥራው ነው። ሦስት ለባዶ እየተመራን እንኳ አንቺ ልክ እንደሚያሸንፍ ቡድን ትደልቂው ነበር። እናትሽ አንድም ቀን ስታዲየም ረግጣ አታውቅም። ስትጮኺ ማየት አልችልም ትል ነበር፤ እውነቷንም ነው፣ አትችልም ነበር።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ጠዋት ከእንቅልፍሽ ሳትነቂ ቀረሽ። በሕይወትሽ ጸጥ ብለሽ ያደረግሽው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

እናትሽና እኔ ወረቀቱን ልናሳትም ጋሽ ስፓስ ማተሚያ ቤት ሄድን። ጋሽ ስፓስ የሙታን ጽሑፎች ናሙና ያለበት ትልቅ አልበም አለው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ቁጥር ተሰጥቶታል። ደንበኛው አልቅሶ ማሰብ ስለማይችል ቁጥር ብቻ ይጠራል።

«ለወጣት እንኳ የሚሄደው ሰባት ቁጥር ነው፣ ፓቭሊና እኅቴ» አለ ቀስ ብሎ።

«ይሁን» አለች እናትሽ። አልበሙን አላየችውም።

ሰባት ቁጥር «ጸጥተኛ፣ ትሑትና ለወላጆቿ ታዛዥ የነበረችው ውድ ልጃችን» ይላል። ፎቶውም ያ ፀጉርሽን እናትሽ በግድ ያበጠረችበት የትምህርት ቤት መታወቂያ ነው። ቅንድብሽ ላይ የነበረችውን ቀለበት ጋሽ ስፓስ በኮምፒውተር አጠፋት። ከተማው ሁሉ ላይ ያቺ የማላውቃት ልጅ ተለጠፈች። እኔ ሐዘንተኛ አይነካም ብዬ ዝም አልኩ። በአርባሽም ሰባት ቁጥር፤ ዝም አልኩ። በመንፈቅሽም ሰባት ቁጥር። እስቲ አንቺ ሁኚና ፍረጂኝ፤ ለስንት ጊዜ ዝም ይባላል?

ለሙት ዓመትሽ እናትሽን ሳላማክር ብቻዬን ወደ ጋሽ ስፓስ ሄድኩ። የጻፍኩትን ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበው፣ አውርዶም ደገመው።

«ይሄ ስንት ቁጥር ነው?»

«ቁጥር የለውም።»

«ዶንካ፣ ሰው ምን ይላል?»

«እሱን ሰው ይጨነቅበት። አንተ አትምልኝ።»

ፎቶው ስታዲየም የተነሣሽው ነው፤ የከበሮ መምቻዎቹን ወደ ላይ ሰቅለሽ፣ አፍሽ እስከ ትናጋሽ ተከፍቶ፣ ቀለበትሽም ቦታዋ ላይ ሆና። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «ዞርኒጻ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖረች። ጯኂ ነበረች። ዳኛ አትፈራም ነበር። ስንሸነፍ ሁሉም ተነሥቶ ሲሄድ እሷ ትቀር ነበር።» ትናንት ጠዋት ከጸሎቱ በፊት ስታዲየሙ በር ላይ፣ ትምህርት ቤትሽ አጥር ላይ፣ የአውቶቡስ ሰዓት በማይክ የማስነግርበት ጣቢያ መስኮት ላይ፣ መጨረሻም ያ አንቺ የምታነቢበት ማቆሚያ ላይ ለጠፍኩት።

ከመቃብር ስንመለስ እናትሽ አየችው። ከስታዲየሙ በር ገንጥላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከትምህርት ቤቱም እንዲሁ። ከጣቢያውም። እኔ ከኋላ ከኋላዋ ነኝ፤ ደግሞ ትራመዳለች እኮ! ማቆሚያው ላይ ስትደርስ ቀድሜ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩን።

«ዞር በይ፣ እትዬ።»

«አልዞርም።»

«ልጄን መሳቂያ አደረግሻት!»

«ድሮም ሰው ስታስቅ የኖረች ልጅ ናት፤ እኔ ምን አደረግኳት?»

«አሁን እንኳ ትረፍ! በሞቷ እንኳ አታርፍም?»

«ያቺ ልጅ መቼ አርፋ ታውቅና ነው፣ ፓቭሊና?»

እናትሽ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንቺ ነሽ ከበሮውን የሰጠሻት። አንቺ ነሽ። ጸጥ ብትል ኖሮ ዛሬ እዚህ ከጎኔ ትቆም ነበር።»

እንግዲህ ነገሩ ያኔ ገባኝ። እናትሽ ሰባት ቁጥርን ሰው ምን ይለኛል ብላ አልያዘችውም። «ጸጥተኛ» የሚለው ቃል ለእሷ ምኞት ነበር፤ ጸጥተኛ ብትሆኚ ኖሮ አትሞቺም ነበር ብላ ታምናለች። ግን ዞርኒጻ፣ አልዋሽሽም፣ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ከቀብሩ በፊት ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ «ብትጮኽም ባትጮኽም ያው ነበር» ብሎናል። እሷም ሰምታለች፤ ሐዘን ጆሮ የለውም እንጂ።

«ከበሮውን ነገም ብትመጣ እሰጣታለሁ» አልኳት። «ያ ከበሮ ባይኖር እኮ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሞቷን ስትጠብቅ ትሞት ነበር።»

ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። ይሄኔ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጋሽ ናኮ፣ እኚያ የመስመር ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና በትከሻዬ በኩል አፍንጫቸውን ፎቶሽ ላይ አስጠጉ።

«ቆይ፣ ቆይ... ይቺ ያቺ ባለ ከበሮዋ አይደለችም እንዴ? ምን ብላኛለች መሰላችሁ! ሙሉ ስታዲየም እየሰማ ‹ጋሽ ናኮ፣ ሚስትህ ያቺን ባንዲራ ለወለል መወልወያ ፈልጋታለች፣ ላካት!› አላለችኝም? ቤቴ ስገባ ሚስቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ባልዲ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ!»

ሰዎቹ ሳቁ። እናትሽ አልሳቀችም። ግን ወረቀቱን ልትገነጥል የዘረጋችው እጇ ወረደ።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ በሳምንቱ የሱፍ ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ‹ጋሼ፣ ተቀየምክ እንዴ?› አለችኝ። ‹በጣም ተቀይሜያለሁ› አልኳት። ‹ጎሽ፤ እንግዲያው ዛሬ ባንዲራዋን በትክክል አንሣ› ብላኝ ሄደች።»

አውቶቡሱም መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ወደ ስሊቨን ከተማ የሚነዳው ሹፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ ወረቀቱን አየ። «ስለ እሷ ነው?» አለ። «የዶንካን ማይክ ነጥቃ ‹የስሊቨን አውቶቡስ ዛሬም ዘግይቷል፤ ሹፌሩ የአይብ ባኒትሳውን ውጦ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠብቁ› ብላ ለጣቢያው ሁሉ አስነግራብኛለች።»

«እውነት እየበላህ ነበር?» አለችው እናትሽ።

«ግማሹ ቀርቶኝ ነበር» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እናትሽ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ እሷ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ትላለች። ለካ ስንት ነገርሽን አታውቀውም ነበር! ቤት ውስጥ መድኃኒትሽን፣ እንቅልፍሽን፣ ትንፋሽሽን ስትጠብቅ የውጪዋ አንቺ አምልጣታለች። አውቶቡሱ አልሄደም፤ ተሳፋሪውም ለምን ዘገየን አላለም።

በመጨረሻ ተነሣችና ከሹፌሩ እስክሪብቶ ተዋሰች። ወደ መስታወቱ ስትሄድ ልትሰርዘው ነው ብዬ ክንዷን ያዝኩ። «ልቀቂኝ፣ እትዬ» አለች ዝግ ብላ። ለቀቅኳት። እኔ ከጻፍኩት በታች፣ በዚያ በትልልቁ የልጅ በሚመስለው ጽሕፈቷ፣ «እናቷን ሰምታ አታውቅም» ብላ ጨመረች። ከጎኑም «እናቷ» ብላ ፈረመች። እዚያው መስታወቱን ተደግፋ እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ከእሷ ብሼ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። የገነጠለቻቸውን ወረቀቶች አወጣችና በመዳፏ እያሻሸች አቃናቻቸው።

«ማጣበቂያ ተርፎሻል?» አለችኝ።

ተርፎኝ ነበር። በመጣንበት መንገድ ተመልሰን ሁሉንም በየቦታቸው ለጠፍናቸው፤ እሷም በየአንዳንዱ ሥር ያንኑ ቃል ጻፈች። የስታዲየሙ በር ላይ ያለው ለሁለት ተቀድዷል፣ መጋጠሚያውም በአፍሽ መሐል ያልፋል፤ አፍሽ ግን እንደተከፈተ ነው። ዝናብ ቢያወርደው ሌላ እለጥፋለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ጠራጊ ቢያነሣው ሌላ እለጥፋለሁ። ጋሽ ስፓስንም ሰባት ቁጥርን ለሌላ ይስጠው ብዬዋለሁ።

ሰው ሁሉ ትናንት «ነፍሷን በሰላም ያሳርፍልን» እያለ ሄደ። እኔ አላልኩም፤ አልልምም። የትም ሁኚ የት፣ ዳኛ ካለ አትተዪው።

ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ከበሮውን እኔ ልይዘው ነው፤ ወገቤን እግዜር ይሁነው። ማምሻውን ስንለያይ እናትሽ ቤቷ በር ላይ ቆማ «የምትቀመጡት በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንቀመጥም» አልኳት።

አክስትሽ ዶንካ